እመቤታችን ለደብሪቱ አፍ የሆነችላት ተአምር

የእመቤታችን ወዳጆች፥ ሕፃን ያቀፋችሁም፥ ከሥራ ውላችሁ የደከማችሁም፥ ቀረብ በሉና ስሙ፤ የአምላክ እናት ለጨነቃት ልጇ ያደረገችውን እንነግራችኋለንና።

ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች፤ ቤቷም ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ነበር። ፊደል የቆጠረችው ጥቂት ስለሆነ ውዳሴ ማርያምን ሁሉ አትደግምም፤ ነገር ግን አንድም ማለዳ ሳታጓድል ጧፍ ታበራና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለችው ሥዕል ፊት ቆማ «ሰላም ለኪ» ትላለች፥ ከዚያም የሆዷን ሁሉ ለቅርብ ጎረቤት እንደሚያወሩት አድርጋ ለእመቤታችን ታወራላታለች። ባሏ አንዳርጌ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ በቁርባን የተጋቡ ናቸው። አንድ ዓመት በመኸር ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ በረሃ ወርዶ ነበርና በሰላም ተመለሰ፥ ከዚያም ብዙ የተለመነ ጽንስ ተሰጣቸው።

ሆዷ ገፋ ሲል ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ሄደችና ደሟ ተመረመረ። ሲስተር ዘርፌ የምትባለው አዋላጅ ወደ ክፍሏ አስገባቻትና በሩን ዘግታ፥ «እናቴ፥ ቂጥኝ ተገኝቶብሻል። የሚድን በሽታ ነው፥ አትደንግጪ» አለቻት። ደብሪቱም ወንበሩን ይዛ፥ «እኔ? እኔ እኮ ከባሌ ሌላ አላውቅም!» አለች።

«ደሙ ከማን እንደመጣ አይናገርም፤ እኔም አልጠይቅሽም» አለች ሲስተር፥ መርፌዋንም ወጋቻት። «ግን ባልሽ ካልታከመ ተመልሶ ይይዝሻል፥ ለጽንሱም ያሰጋል። እስኪታከም ድረስ አብራችሁ አትተኙ። ይዘሽው ነይ።»

ይዘሽው ነይ የሚለው ቃል እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበዳት። ምን ብላ ትንገረው? «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ቢላትስ? ሕፃኑን «የማን ነው» ቢልስ? እንዲህ እያለች ስትጨነቅ የፍልሰታ ጾም ገባ። በጾም ባልና ሚስት አልጋ መለየታቸው ሥርዓት ነውና፥ ደብሪቱ «እመቤቴ ቀን ሰጠችኝ» ብላ እፎይ አለች። ጾሙ ግን ተፈታ፥ እሷም አልነገረችውም።

ያን ጊዜ ፈራ ተባ እያለች፥ «አንዳርጌ፥ ለጽንሱ በረከት እንዲሆን እስከ ጳጉሜን በንጽሕና ብንቆይስ?» አለችው። ይቆጣል ስትል እሱ ቶሎ ብሎ፥ «እንዲያውም እስከ ጽጌ ጾም ይሁን!» አለ። እሷም ገረማት፥ ምስጋናም አቀረበች። የንስሐ አባታቸው ቄስ ልሳነወርቅ ይህን ሲሰሙ ሳቁና፥ «ቤቱን ገዳም ልታደርጉት ነው እንዴ? ቆቡን ላምጣላችሁ?» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ፥ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

ነገር ግን ጽንሱ በሆዷ ሲራገጥ ደብሪቱ ሳቋ ይጠፋባታል። አንድ እሑድ ማለዳ አንዳርጌ ለኪዳን ቀድሟት ወጥቶ ሳለ፥ ጧፏን አብርታ ከሥዕሏ ፊት ተንበረከከችና እንዲህ አለች፤ «እመቤቴ፥ የእኔን ከአንቺ ጋር አላስተካክልም፤ ፍርሃቱን ብቻ ነው። ዮሴፍም ፈርቶ ነበር። አንቺ ዝም ብለሽ ሳለ መልአኩ ነገረልሽ። እኔ አፌ ተሳሰረብኝ፤ አንቺው ንገሪልኝ።» ይህንንም ከእግዚአብሔርና ከእመቤታችን በቀር የሰማ የለም።

በዚያው ቀን ከቅዳሴ በኋላ ስብከት ሲሰጥ አንዳርጌ ከዋርካው ሥር ተቀምጦ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። እነሆም ነጠላ የለበሰች ሴት ከሴቶች ወገን ተነሥታ፥ የጠበል ዋንጫ ይዛ ወደ ወንዶች መቆሚያ ስትመጣ አየ። ሴት በዚያ አታልፍምና ስለ እርሷ አፈረላት። እርሷ ግን ከፊቱ ቆመችና ዋንጫውን ዘረጋችለት፤ ሊጠጣም ሲል፥ «ብቻህን አይደለም፥ ከሚስትህ ጋር» አለችው። ደግሞም በለሆሳስ፥ «ዮሴፍም ፈርቶ ነበር» አለችውና ከዓይኑ ተሰወረች።

እሱም ደንግጦ ነቃና ሳይሰናበት እየሮጠ ቤቱ ገባ። ደብሪቱ ሽሮ ታማስል ነበር።

«ደብሪቱ፥ ዮሴፍ ምን ነበር የፈራው?» አላት።

ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። መነገሩን አወቀች፥ አፏም ተፈታ፤ እያለቀሰች ምርመራውን፥ የበሽታውን ስም፥ ሲስተር ያለቻትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። አንዳርጌም ከመሬቱ ተቀመጠና ጋቢውን ፊቱ ላይ አደረገ።

«ከእኔ ነው» አለ። «በሰሊጡ አገር ጠጥቼ ከአንዲት ሴት ጋር ወደቅሁ። ቁስል ወጣብኝ፥ ሳያመኝ በራሱ ደረቀ፥ ዳንኩ ብዬ ዝም አልኩ። በፍልሰታ ግን አብሮኝ ያጨደ ጓደኛዬ ቁስሉ ቢደርቅም በሽታው በደም እንደሚቀር ሐኪም እንደነገረው አወራኝ። ከዚያ ወዲህ ልነካሽ ፈራሁ፥ ልነግርሽም አቃተኝ። ጾሙን ያስረዘምኩት ለዚያ ነው።»

ደብሪቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ልቧ ተሰብሯል፤ ሽሮውም አረረ። ከዚያም ጽንሱ በሆዷ ተራገጠ። እሷም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ዞረችና፥

«ይቅርታዬን ቆይተህ ትጠብቃለህ፤ ገና አልመጣልኝም» አለችው። «መርፌው ግን አይጠብቅም። ተነሥ፥ ጫማህን አድርግ።»

እሱም እንደ ታዘዘ ልጅ ተነሣ። ጤና ጣቢያውም በዓል ሳይል ክፍት ነበርና ሲስተር ዘርፌ ተቀብላ ወጋችው፤ ድንጋይ ሲፈልጥ የሚውለው ሰው፥ «ወይ እመቤቴ!» ብሎ ጮኸ። ደብሪቱም እያለቀሰች ሳቀች፥ ሲያነክስም ክንዱን ያዘችለት። ይቅርታውም በዚያው መንገድ ጀመረ፥ ቀስ እያለም ወደ ቤታቸው ገባ።

ወራቷ በደረሰ ጊዜ ሴት ልጅ በደኅና ወለደች፤ የሕፃኗም ደም ተመርምሮ ጤነኛ ሆና ተገኘች። በሰማንያ ቀኗም ክርስትና ስትነሣ አባትና እናት ጎን ለጎን ቆሙና እልል አሉ፥ የአምላክን እናትም አመሰገኑ። ያቺም ጧፍ እስከ ዛሬ በየማለዳው ትበራለች፤ አሁን ግን በፊቷ የሚቆሙት ሁለት ናቸው።

ለደብሪቱ አፍ የሆነች እመቤታችን፥ መናገር ለጨነቀን ሁሉ ቃል ትሁነን፤ የሚሰማንንም ሰው ልቡን ታራራልን። በማኅፀን ያሉትን በሰላም ታውጣልን፥ ያነበበውን፥ የሰማውንም፥ በጓዳው ፈርቶ ዝም ያለውንም የልጇ ቸርነት ይጎብኘው፤ አሜን።