በቀልድ ላይ ሽማግሌ የላከው ነርስ

አንድ ነርስ ነበረ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ያስቸገረውም ጨዋነቱ ነው።

ይህን የምነግርሽ ስለ ጠየቅሽኝ ነው። «በሚቀጥለው ወር ለበጎ ፈቃድ ሥራ ወደማላውቀው አገር እሄዳለሁ፤ ሰዎቹ እንዲቀበሉኝ ምን ላድርግ?» አልሽኝ። ያዘጋጀሽውንም ዝርዝር አሳየሽኝ። «አክብሮት» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ተጽፎበታል።

ነርሱ ከእኛው አገር ተነሥቶ፣ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማሊ ውስጥ፣ ማሽላ የሚያመርቱ ገበሬዎች ወደሚኖሩበት መንደር ለሁለት ዓመት ሄደ። በደረሰ ዕለት ያስጠጋው ቤተሰብ የራሱን የጎሣ ስም ሰጠው። እዚያ የጎሣ ስም የሌለው ሰው ከማን ጋር እንደሚቀመጥ እንኳ አይታወቅም። ነርሱ እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ሽማግሌ ሲመጣ ብድግ ይላል፤ ዕቃ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ሰላምታ ሲሰጥም የፍየሎቹን ጤንነት ሳይጠይቅ አያልፍም። ቋንቋቸውን ቶሎ ለመደ።

ከግቢው ማዶ አንድ አዛውንት ገበሬ ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ነርሱ ወደ ጤና ጣቢያው ሲያልፍ ኮቴውን ይሰሙና ይጮኻሉ።

«አንተ ባቄላ በሊታ! ዛሬስ ስንት ሰሐን ጨረስክ?»

በአዛውንቱ ደጃፍ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሁሉ ይስቃሉ። ነርሱ ይሸማቀቃል። ጊዜው የዐቢይ ጾም ነበር፤ ከአገሩ የያዘውን ሽሮ በየቀኑ ይሠራል። ሽታው እዚያ ድረስ ደርሶ፣ በምግቡ የናቁት መሰለው። በር ዘግቶ መብላት ጀመረ። ምንም አልረዳውም።

«የባቄላው ጆንያ መጣ! መንገድ ልቀቁለት፣ ይፈነዳል!» ይላሉ አዛውንቱ።

የእኛ አገር ሰው እንዲህ ሲሆንበት ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። ነርሱም የመንደሩን አለቃና ኢማሙን ለምኖ፣ ስኳር አስይዞ፣ «ምን እንዳጠፋሁ ይንገሩኝና ይቅርታ ልጠይቅ» ብሎ ወደ አዛውንቱ ላከ።

አዛውንቱ የመጡትን ሰዎች እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። ከዚያ ስኳሩን መለሱ። «ልጁ ምንም አላጠፋም። ከእንግዲህ አላስቸግረውም» አሉ።

የጤና ጣቢያው አዋላጅ ይህን ስትሰማ የምትጠቀልለውን ፋሻ አስቀምጣ አፈጠጠችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? የተሰጠህ ጎሣና የእሳቸው ጎሣ እኮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው! ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ባቄላ በሊታ እየተባባሉ ሲሰዳደቡ ነው የኖሩት። የቀልድ ዘመድ የለመነህን እምቢ ማለት እንኳ ነውር ነው። እሳቸው ዘመድ አደረጉህ፤ አንተ ከሰስካቸው!»

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?»

«ስደባቸዋ!»

«እኚያን ሽማግሌ? እናቴ ብትሰማ…»

«እናትህ እዚህ የለችም» አለችው፤ ወደ ፋሻዋም ተመለሰች።

ነርሱ ነገሩ ገባው፤ አፉ ግን አልታዘዝ አለው። አዛውንቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ግብር ሰብሳቢን ሰላም እንደሚሉት ሰላም ይሉት ጀመር፤ በሙሉ ጨዋነት።

በግንቦት የዓይን ሐኪሞች፣ በአህያ ጋሪ ግማሽ ቀን ወደሚያስኬደው ከተማ ለሦስት ቀን መጡ። ነርሱ ጫማውን አውልቆ ከአዛውንቱ ፊት ቀረበ። ቀዶ ሕክምናው አጭር መሆኑን፣ ሐኪሞቹ ከሄዱ ግን መቼ እንደሚመለሱ እንደማይታወቅ፣ ዓይናቸውም ከዚህ በላይ ቢቆይ ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል አስረዳቸው። የዓይን ሥዕል እንኳ ይዞ ሄዶ ነበር፤ ማየት ለማይችል ሰው።

«አላህ ይባርክህ፣ ንግግርህ መልካም ነው» አሉት፤ ንቅንቅ ግን አላሉም። በማግሥቱም እንዲሁ። ልጆቻቸው ለምነው ደክሟቸዋል። አዛውንቱ ፈርተው ነበር፤ ግን ፍርሃቱን ለእንግዳ የሚናገር ማን አለ?

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የመጨረሻው ጋሪ ሊነሣ ሲል ነርሱ ማንጎው ዛፍ ሥር ደረሰ። ጫማውን አላወለቀም። ከአዛውንቱ እግር ሥር፣ አቧራው ላይ፣ በነጭ ጋውኑ ተዘረረ።

«አንተ ባቄላ በሊታ!» ብሎ ጮኸ። «ዓይንህ ውስጥ የበቀለው ባቄላ ነው! ሐኪሙ እንዳይነቅልብህ ሳስተህ ነው፣ አይደል? ጋሪው ላይ እስክትወጣ ከዚህ አልነሣም!»

አዛውንቱ ጆሯቸውን ወደ ድምፁ አዘነበሉ።

«ማነው ይሄ?»

«ዘመድህ ነኝ።»

የአዛውንቱ ትከሻ መርገፍገፍ ጀመረ። ምርኩዛቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ሰማችሁት? ይህን ጉድ ሰማችሁት? እምቢ ካልኩት ደጃፌ ላይ ተኝቶ ሊሸትብኝ ነው። አንሡት! ጋሪው የታለ?»

ጋሪው መንደሩን ከወጣ በኋላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«ያማል?»

«ትንሽ።»

«እንግዲያው እጄን ያዘኝ።»

በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ አዛውንቱ ብርሃኑን እስኪለምዱ ቆዩ። ከዚያ ነርሱን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አዩት። «እንዲህ አስቀያሚ መሆንህን ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር» አሉት። ነርሱ አለቀሰ። አላለቀስኩም ብሎ የሚከራከረው እሱ ብቻ ነው።

አንቺም ልጄ፣ እንደዚያ ነርስ ነሽ። ይዘሽ የምትሄጂው አክብሮት ንጹሕ ነው፤ የእሱም ንጹሕ ነበር። ሰዎቹ ግን ከዚያ አክብሮት አልፈው ወደ እሱ የሚቀርቡበት ቦታ አጡ። የምትሄጂበትን አገር ልማድ እኔ አላውቀውም። ብቻ አንድ ቀን አንዲት ሴት አረማመድሽን እያስመሰለች መንደሩን ስታስቅብሽ ታያለሽ። ያን ጊዜ ፊትሽ ይቀላል፤ ይቅላ። ቤትሽ ገብተሽ በር አትዝጊ። ሂጂና ከፊቷ ቆመሽ የእሷን አረማመድ አስመስዪ።