የስንዱ መስኮት

ተረት አለኝ፣ «ይምጣ» በሉኝ። እነሆ መጣ!

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በአሮጌው የሳይንስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትርንጎ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። እሷ በምታጸዳው የኬሚካል ግምጃ ቤት ውስጥ ደግሞ ስንዱ የምትባል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ጠርሙስ ትቆጥራለች። ጠርሙሶቹ ክዳናቸው የዛገ፣ ስማቸው የተላጠ ነው። አየሩ ዓይን ይለበልባል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ስንዱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለችና፣

«እትዬ ትርንጎ፣ አየር አጣሁ። እባክሽ ይቺን መስኮት ክፈቺልኝ» አለቻት።

«ወጣ ብለሽ አታርፊም?»

«ቆጠራውን ሳትጨርሺ ከወጣሽ በቦታሽ ሌላ ሰው እንተካለን ብለውኛል። ለራሴስ ግድ የለኝም፤ ለሆዴ ፈራሁ።»

ትርንጎ መወልወያዋን ጥላ ወደ መስኮቱ ሄደች። መስኮቱን ብትገፋው ተቸንክሯል። ድሮ አንድ ጠርሙስ ጠፍቶ፣ ሌባ እንዳይገባ ተብሎ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ! ሌባው ክንፍ ነበረው መሰለኝ። መስታወቱን እንዳትሰብረው ደግሞ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በዚያ ግቢ ሳንባ ሲጎዳ ዝም፣ መስታወት ሲሰበር ስብሰባ። «ሚስማር ሆይ፣ መስኮቱን ልቀቀው» አለች። ሚስማሩም «ጉጠት ካልነቀለኝ አልለቅም» ብሎ መለሰላት። ትርንጎ አማተበች። ጣት የማያህል ብረት አፍ አውጥቶ ተናገረ! ለካ ይህን ሁሉ ሕንፃ አፍኖ የያዘው እሱ ነው!

ወደ አናጢው ቤት ወረደች። «ጉጠት ሆይ፣ ሚስማሩን ንቀለው» አለች። ጉጠቱም «አናጢው ካላነሳኝ አልነቅልም» አለ። ጉጠት አልነቅል አለ፣ ሚስማር አልለቅ አለ፣ ስንዱ አየር አጣች።

አናጢው ጋሽ ደምሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ጋሼ፣ እባክዎ ጉጠቱን ያንሱልኝ» አለችው።

«አይ ትርንጎ! አምና ያለ ደብዳቤ አንድ በር ጠግኜ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ደብዳቤ ካላዘዘኝ አላነሳም።»

አናጢ አላነሳ አለ፣ ጉጠት አልነቅል አለ፣ ሚስማር አልለቅ አለ፣ ስንዱ አየር አጣች።

መስኮቱ ይከፈት የሚለው ደብዳቤማ ከተጻፈ አራት ወሩ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ፋይል ላይ ተኝቷል። «ደብዳቤ ሆይ፣ አናጢውን እዘዘው» ብትለው፣ «ማኅተም ካላረፈብኝ ማን ይሰማኛል? አላዝም» አላት። ብድግ አድርጋ በጉያዋ ያዘችው። ደብዳቤ አላዝ አለ፣ አናጢ አላነሳ አለ፣ ጉጠት አልነቅል አለ፣ ሚስማር አልለቅ አለ፣ ስንዱ አየር አጣች።

ማኅተሙ የት አለ? ጸሐፊዋ ወይዘሮ አስካለ ማኅተም ለሰው አታምንም፤ ከቦርሳዋ አይለይም፣ ገበያም ልቅሶም አብሯት ይሄዳል። ያን ቀን ልቅሶ ነበር። ትርንጎ ሮጣ ድንኳኑ ደረሰች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፣ ወደ ቦርሳው አጎንብሳ ለመነች። ማኅተሙ ከውስጥ ሆኖ «ጸሐፊዋ ካላወጣችኝ አላርፍም» አለ። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ በሹክሹክታ፣

«ምን ነካሽ? ሐዘንተኛዋ ፊት ማኅተም ላውጣ? እሷ ሳታሰናብተኝ አላወጣም፣ ነውር ነው!» አለቻት።

ጸሐፊ አላወጣ አለች፣ ማኅተም አላርፍ አለ፣ ደብዳቤ አላዝ አለ፣ አናጢ አላነሳ አለ፣ ጉጠት አልነቅል አለ፣ ሚስማር አልለቅ አለ፣ ስንዱ አየር አጣች።

ሟቹ አቶ መንገሻ ነበሩ፤ የዚያው ግምጃ ቤት ጠባቂ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሠሩ።  ሐዘንተኛ ፊት የቢሮ ነገር እንዴት ይነሳል? ግን ለትርንጎ ስንዱ ታየቻት። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት እግር ሥር ተንበርክካ ነገረቻቸው።



«የትኛው መስኮት?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

«የግምጃ ቤቱ።»

«ሃያ ሰባት ዓመት እያሳለ መጣልኝ። ሸሚዙን ሳጥብ ውሃው ቢጫ ነበር። ብርድ ነው ይለኝ ነበር፣ እኔም አምኜው።» ቀና አሉ። «አስካለ፣ ተነሺ። ሁላችሁም ተነሱ። እኔን ማጽናናት የፈለገ ያንን መስኮት ይክፈት!»

ድንኳን ሙሉ ሰው አንድ ላይ ተነሣ። ትርንጎ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ጸሐፊዋ ማኅተሙን አወጣች፣ ማኅተሙ ደብዳቤው ላይ አረፈ፣ ደብዳቤው አናጢውን አዘዘ፣ አናጢው ጉጠቱን አነሳ፣ ጉጠቱ ሚስማሩን ነቀለ፣ ሚስማሩ መስኮቱን ለቀቀ፣ ነፋስም ገባ። ስንዱ በረጅሙ ተነፈሰች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የጠቆረው ከንፈሯ ቀላ አለ። ትርንጎ በመገረም እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ያ ሁሉ አየር ለካ አንድ ክንድ አልፎ፣ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሯል!

ጋሽ ደምሰው ጉጠቱን ይዞ ወደ ቀጣዩ መስኮት አለፈ።

«ጋሼ፣ ለዚያኛው እኮ ደብዳቤ የለንም» አለችው።

«ሲጻፍ ይደርሳል» አለና ሚስማሩን ነቀለው።

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፣ መስኮት ክፈቱልኝ።