የእመት ወርቅያንጥፉ መገበሪያ

በእኛ በመንዝ ስለቱን ተሸክሞ ሲሮጥ ጎረቤቱን የረሳ ሰው ከተገኘ፣ ሽማግሌዎች አንዲት አባባል ጣል ያደርጉበታል። አባባሏን ሁሉም ያውቃታል፣ መነሻዋን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የወጣችው ከኛው ቤት ነውና ስናገር ብኮራ አትፍረዱብኝ።

እመት ወርቅያንጥፉ የእናቴ ቅድመ አያት ናቸው። አንድ ልጃቸው ምንውየለት ታሞ ከሞት አፋፍ በደረሰ ጊዜ፣ ከባላቸው ከአቶ ማንደፍሮ ጋር ለደብራቸው ለገብርኤል መገበሪያ ተሳሉ፤ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበትን ስንዴ ማለት ነው። ልጁም ዳነ። በዚያ ደብር ልማድ ታዲያ ከቤት የወጣ መገበሪያ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ መሬት አይነካም። ከነካ የተሰጠው ምሕረትም ይወሰዳል ብለው ይፈሩ ነበር።

በታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ባልና ሚስቱ አንድ በአንድ የተለቀመውን ስንዴ በሁለት እንቅብ ተሸክመው፣ በቁርበት ሸፍነው ወጡ። ባሏ በሞተባት በጎረቤታቸው በአሰለፈች አውድማ አጠገብ ሲደርሱ ሰማዩ ያለወቅቱ ጠቆረ። አሰለፈች የዓመት ቀለቧን ገብስ ብቻዋን እያፈሰች ወደ ቤት ታመላልሳለች። እርዱኝ ብላ ተጣራች።

አቶ ማንደፍሮ ስለት እንደያዙ ነግረዋት አለፉ። እመት ወርቅያንጥፉ ግን እግራቸው አልሄድ አላቸው። የልጃቸው ፊት መጣባቸው፤ ቢሆንም እንቅቡን ከመሬት አስቀመጡና ቁርበቱን ገፈው የአሰለፈችን ገብስ ሸፈኑበት።

ባላቸው ዞር ብለው አዩ። «አንቺ ሴት፣ ልጃችንን ልትገይ ነው?»

«እሷም አራት ልጆች አሏት» አሉ እመት ወርቅያንጥፉ፣ ገብሱን እያፈሱ።

አቶ ማንደፍሮ ተቆጥተው ሄዱ። ዝናቡም ወረደ። ገብሱ ተረፈ፣ ስንዴው ግን በሰበሰ። ሴትዮዋ የራሰውን ስንዴ ተሸክመው፣ እያለቀሱ ደብሩ ሲደርሱ ባላቸው ደረቁን ይዘው የደብሩን መባ ከሚረከቡት ከገበዙ ከአለቃ ወልደ ሰማዕት ፊት ቆመዋል።

አለቃ ሁለቱንም እንቅብ አዩ፣ ነገሩንም ጠይቀው ሰሙ። የራሰ ስንዴ ለመሥዋዕት እንደማይሆን ተናገሩ፤ ሥርዓት ነው። ቢሆንም አልጣሉትም፤ የገዛ ጋቢያቸውን አውልቀው ከደጀ ሰላሙ ወለል ላይ አነጠፉና ስንዴውን በእጃቸው አሰጡት። ሲደርቅ ለነዳያን ዳቦ ይጋገርበታል አሉ። ከዚያ የአቶ ማንደፍሮን ደረቅ እንቅብ አንስተው መልሰው አሸከሟቸው።

«ይኸ ንጹሕ ነው እኮ፣ አባቴ!» አሉ አቶ ማንደፍሮ።

«ንጹሕ ነው። መንገዱ ግን ጎድሏል። ይዘኸው ወደ አሰለፈች ተመለስ፤ የቀረውን ገብስ አግባላት፣ ከዚያ አምጣው።»

አቶ ማንደፍሮ ኩሩ ሰው ነበሩ፤ ቢሆንም ተመለሱ፣ እንቅቡንም ከአሰለፈች ደጅ መሬት ላይ አሳርፈው ገብሱን አገቡላት። በዝናብ የላላውን ጣሪያዋን ሳይቀር አጥብቀውላት ጀምበር ስትጠልቅ መጡ። በማግስቱ የተቀደሰው በዚያ ስንዴ ነው። ምንውየለትም ሰማንያ ዓመት ኖሮ ዘጠኝ ልጆች ወልዷል፤ አንዷ የእናቴ እናት ናት።

በዚያች ምሽት ግን ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም። እመት ወርቅያንጥፉ ስለ ልጃቸው ፈርተው ከገበዙ እግር ስር ወድቀው ስለታቸው ተበላሽቶ እንደሆነ ቢጠይቁ፣ አለቃ ወልደ ሰማዕት አንስተዋቸው፣ ወደ ባላቸውም እያዩ እንዲህ አሉ፦ «በጎረቤት ደጅ ያላለፈ ስለት፣ አይደርስም ከታቦት።»