የሽቦውን ጩኸት ያጠፉ ሰዎች

አንድ ብረት በያጅ በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠራ። ስሙ መንበሩ ይባላል። በአንዲት የቆላ ከተማ ዳር ባለው ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ለመሥራት ስድስት ዓመት ፈጀበት። ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፣ ቀጥሎ ለመደው፣ በመጨረሻ ኮራበት።

በአምስተኛው ዓመት መንበሩ አንድ ነገር ለወጠ። ከአብራሪው ጎን የሚቀመጡት የመጀመሪያው እንግዳ የከተማው ትልቅ ሽማግሌ እንዲሆኑ ስለተወሰነ፣ ለእሳቸው የሚመጥን ሰፊ ወንበር ሠራ። የወንበሩ የብረት እግር ግን በወለሉ ሥር በሚያልፍ የሽቦ ገመድ መንገድ ላይ አረፈ። ይህ ገመድ ከመሪው ተነሥቶ እስከ ጅራቱ ይደርሳል። አብራሪው መሪውን ሲስብ ጅራቱን አንቀሳቅሶ አውሮፕላኗን ወደ ላይ የሚያቀናት እሱ ነው። መንበሩ የወንበሩን እግር ከማንሣት ይልቅ ገመዱን አጣምሞ በእግሩ ጎን አሳለፈው።

አብረውት ከሚሠሩት አንዱ ባዩ ይባላል። ባዩ ይህን አይቶ፣ "ጋሼ፣ ገመዱ ብረቱ ላይ ይታሻል። ወይ እግሩ ይነሣ፣ ወይ ገመዱ የሚንከባለልበት ፑሊ ይግባለት፤ አለዚያ ይበጠሳል" አለው።

"አንተ ደግሞ መቼ መሐንዲስ ሆንክ? ቅናት ነው የሚያናግርህ!" ብሎ መንበሩ በሰው ፊት ጮኸበት። ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሣው። ምሳ ሲቀርብም "ለመሐንዲሱ ለብቻው አቅርቡለት" እያለ አሳቀበት። ባዩ ጋራዡን ትቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ መሪው በተሳበ ቁጥር ከወለሉ ሥር ሲጥጥ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሠራተኞቹ ሁሉ ሰሙት። ማንም አልተናገረም። በዕድሜ የሚበልጣቸው ጎሹ፣ "የስንት ዓመት ልፋቱ ነው፤ አሁን ልቡን አንስበረው" አለና ገመዱን ግራሶ ቀባው። ድምፁ ጠፋ። ሁሉም እፎይ አሉ።

የመብረሪያው ቀን እሑድ ሆነ። ድንኳን ተተከለ፤ በሬ ታረደ፤ ሽማግሌዎች መረቁ። አብራሪዋ አልጋነሽ የምትባል፣ በጥጥ እርሻዎች ላይ መድኃኒት እየረጨች ሃያ ዓመት የበረረች ሴት ነበረች። ምርቃቱ እንዳለቀ የአውሮፕላኗን ወለል ክዳን ከፈተች፤ ከኪሷም ቁራጭ ጨርቅ አወጣች። ገመዱን በጨርቁ ይዛ ከጫፍ ጀምራ እየጠረገች ሄደች። የወንበሩ እግር አጠገብ ስትደርስ ጨርቁ ተያዘባት። ስትስበው ተቀደደ። ግራሶውን ጠርጋ አየች። ገመዱ ከተገመደባቸው ቀጫጭን ሽቦዎች አብዛኞቹ ተበጥሰው እንደ እሾህ ቆመዋል።

"ይህን ማን ነው የቀባው?" አለች።

ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ።

"ይህ ገመድ ሲጮህ ነው የከረመው። ጆሮ ያለው ሁሉ ሰምቶታል። ግራሶ አፉን ይዘጋዋል እንጂ አያድነውም! እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። አየር ላይ ሆኜ ጅራቱ እምቢ ቢለኝ ኖሮ፣ ከእናንተ ማን ነበር ሄዶ የሚነግራቸው?"

የመንበሩ ፊት ጠቆረ። "ሕዝብ ፊት አታዋርጂኝ። አንድ ዙር ብቻ ዞረሽ ውረጂ፤ ነገ እናስተካክለዋለን።"

"ገመዱ ድግስ መኖሩን ያውቃል እንዴ?"

"ፈራሁ በያ!"

"አዎ ፈራሁ! ሃያ ዓመት በሕይወት የቆየሁት ፈርቼ ነው።"

ከድንኳኑ ውስጥ አንዱ፣ "ድሮስ ለሴት ማን ስጥ አለው!" አለ። ሰው ሳቀ። የመንበሩ ደም ፈላ። ማብረር ትንሽ ትንሽ ተምሮ ነበርና "እኔው ራሴ አበርራታለሁ!" ብሎ ዘሎ ገባ። ትልቁ ሽማግሌ "ወንድ!" ብለው አጨበጨቡ፤ እሳቸው ግን ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

ጎሹ ከዚህ በላይ አልቻለም። ሮጦ ክንፉን ያዘ። "መንበሩ፣ ውረድ! የቀባሁት እኔ ነኝ። እውነቷን ነው!"

መንበሩ ሁሉም የተባበሩበት መሰለው። ገመዱ ደኅና መሆኑን ሊያሳያቸው መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሳበው።

ጧ አለ። መሪው ልል ሆኖ ደረቱን መታው። ጅራቱ ንቅንቅ አላለም።

መንበሩ ወርዶ የጎሹን ኮሌታ ጨመደደ። "ልቤን ላለመስበር ብለህ አንገቴን ልታሰብረኝ? አሥራ አምስት ዓመት አብረን በልተን አንዲት ቃል አጣህ?"

ጎሹ እጁን መንጭቆ አስለቀቀው። እሱም ተቆጥቶ ነበር። "ባዩ አልነገረህም? ምን አደረግኸው? እውነት የነገረህን ከማዕድ አስነሣኸው፤ ያሞገሰህን አጠገብህ አስቀመጥኸው። እኔ ፈሪ ነኝ፣ እሺ። ደፋሩን ያባረርኸው ግን አንተ ነህ!"

በማግስቱ መንበሩ፣ ብስክሌት እየጠገነ ወደሚኖረው ወደ ባዩ ሄደ።

ባዩ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። "የሰደብከኝ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን" አለው።

መንበሩ በጋራዡ ውስጥ፣ ሁሉም ባሉበት፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወለሉን ነቀሉ። ሰፊውን ወንበር አውጥተው ጣሉት። አዲሱን ገመድ ምንም ነገር ሳይነካ ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ አድርገው ዘረጉት፤ መዞር ባለበት ቦታም ፑሊ አስገቡለት። አራት ወር ፈጀባቸው። አልጋነሽ ድንኳን በሌለበት፣ ስድስት ሰው ብቻ በቆመበት ሜዳ ላይ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ዞረችና በሰላም አረፈች።

ወዳጃችን ሲሳሳት እያየን ዝም ስንል፣ ዝምታችንን ይሉኝታ፣ አክብሮት፣ ፍቅር እያልን እንጠራዋለን። ወዳጃችን ሲወድቅ ግን ስሙ ምንም ቢሆን አያድነውም። እውነት የሚነግረውን የሚያዋርድ ሰውም ሌላ ጠላት አያስፈልገውም፤ የሚያስጠነቅቁትን በገዛ እጁ አባሯልና።

እናንተስ? እውነት ስለነገራችሁ ያኮረፋችሁት ሰው ማን ነው? ጥፋቱን እያያችሁ "ልቡ እንዳይሰበር" ብላችሁ ዝም ያላችሁትስ ማንን ነው? ዛሬውኑ ሂዱና ንገሩት፤ ገና መሬት ላይ ሳለ።