የወለተ ሐና ግማሽ መዝሙር

ወገኖቼ፥ ልባችሁን ሰብስባችሁ ስሙ፤ አምላክን የወለደች እመቤታችን ለአንዲት ብቸኛ ሴት ያደረገችውን እነግራችኋለሁ፥ ረድኤቷ ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወለተ ሐና የምትባል የአንድ መሪጌታ ሚስት ነበረች፥ እመቤታችንንም ከልቧ ትወድ ነበርና በስሟ በየማለዳው መዝሙር ሳልደግም እህል አልቀምስም ብላ ተስላ ነበር። የምትደግመውም ከባሏ ጋር በተራ ነበር፤ እርሷ አንዱን ስንኝ ትላለች፥ እርሱ ቀጣዩን ይቀበላል። ከዚያም መሪጌታው ሞተ፥ አንዲት ልጇ አስካለም ባል አግብታ ቆላ ወረደች፥ ወለተ ሐናም ብቻዋን ቀረች። ስእለቷን ግን አልተወችም፤ የራሷን ስንኝ ትልና የባሏን ተራ በዝምታ ታሳልፋለች፥ ደግሞ የራሷን ትላለች። እንግዲህ ይህ ስሕተት ነው፥ ብቻውን የሚጸልይ ሁለቱንም ይላል፤ እርሷ ግን ሁለቱንም ብትል የሟቹን ድርሻ ከአፉ የነጠቀችው እየመሰላት ሰባት ዓመት ሙሉ መዝሙሩን በግማሹ ደገመች። ጎረቤት ቢመክራትም አልሰማችም፥ ግትር ነበረች፥ አልዋሻችሁም።

ከዕለታት በአንዱ ቀን ልመንኩስ ብላ ቤቷን ዘግታ ወደ ሴቶች ገዳም ሄደች። እመ ምኔቷ እማሆይ ጸበለ ማርያም ከደጅ ተቀበሏትና፥ «ልጄ፥ ተጠርተሽ ነው የመጣሽው ወይስ ቤትሽ ጭር ብሎብሽ?» ብለው ጠየቋት። ወለተ ሐናንም እንባዋ ቀደማት። እማሆይም መልሱን እስክታገኝ ድረስ ቆብ እንደማይሰጧት ነግረው፥ የገዳሙን ሽንብራ ከዝንጀሮ እንድትጠብቅ በእርሻው መካከል ከእንጨት ወደተሠራው ማማ ላኳት።

እርሷ እኅቶች አገኛለሁ ብላ ነበር፤ ያገኘችው ግን ዝንጀሮና ነፋስ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንጭፏን ይዛ ትቀመጣለች፥ የሚያናግራት የለም፥ ቆሎዋን ብቻዋን ትቆረጥማለች፥ የገዛ ድምፅዋ እንኳ እንግዳ እየሆነባት ሄደ። ሆድ ሲብሳት «እመቤቴ፥ ከዚህስ ባዶ ቤቴ ይሻለኝ ነበር» እያለች ታለቅስ ነበር።

በሦስተኛው ወር አስካለ ሕፃን አዝላ መጣች፥ ከባሏ ጋር ጠቅልለው ወደ እናቷ ቤት መግባታቸውንም ነገረቻትና፥ ቤቱ ሞልቷል፥ እንግዲህ ምን ቀረሽ፥ ነይ እንሂድ ብላ ለመነቻት። ወለተ ሐና የልጅ ልጇን ታቅፋ ሳመችው፤ ልጇንም እስከ ነገ ጠብቂኝ አለቻት።

በማግስቱ ማለዳ ማማው ላይ ወጣች፥ ልቧም ወደ መሄዱ እያዘነበለ፥ እንደ ልማዷ ስንኟን አለችና ለሟቹ ተራ ዝም አለች። በዝምታውም ውስጥ የሴት ድምፅ ተቀበላት። ዘወር ብትል ብርሃን የለበሰች እመቤት ከማማው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፥ ዝንጀሮዎቹም ከሽንብራው ዳር ጸጥ ብለው ቆመዋል። ወለተ ሐና ቀጣዩን ስንኝ አለች፥ እመቤታችንም ተቀበለች፥ እንዲህም እያሉ ሰባት ዓመት ያላለቀውን መዝሙር ጨረሱት። ከዚያም እመቤታችን፥ «ይህችን ዝምታ ለባልሽ የተውሽለት መስሎሽ ነበር፤ የወለድኩት ልጄ ግን በየማለዳው በርሷ ውስጥ ይጠራሽ ነበር። ዛሬ ቤትሽ ሞልቷል፤ ብትሄጂም አልለይሽም» ብላት ተሰወረች።

ወለተ ሐናም ብዙ አለቀሰች፥ ከእንግዲህ ብቸኝነቷን ለመመንኮሷ ሰበብ ማድረግ አትችልምና። ከማማው ወርዳ ሕፃኑን ሳመችው፥ ልጇንም መርቃ ሸኘቻት፥ ከዓይኗ እስክትሰወር ድረስም መንገዱ ላይ ቆማ አየቻት፥ ይህም ከሁሉ የከበዳት ነበር። ከዚያም ወደ እማሆይ ሄዳ፥ ሳይጠይቋት፥ «ቤቴ ሞልቷል፥ እማሆይ። ተጠርቼ ነው የመጣሁት» አለቻቸው። እርሳቸውም እግዚአብሔርን አመስግነው ቆቡን ደፉላት።

እስክታርፍ ድረስም መዝሙር ስትደግም የራሷን ስንኝ ብላ ዝም ትል ነበር፤ እኅቶቿ አዝነውላት እኛ እንቀበልሽ ቢሏት፥ ፈገግ ብላ «ተራው ተይዟል» ትላቸው ነበር።

ለወለተ ሐና የደረሰች እመቤት፥ ይህን የሰማችሁትን ሁሉ ብቻዬን ቀረሁ ባላችሁበት ማለዳ ከአጠገባችሁ ትቀመጥላችሁ፥ የጀመራችሁትንም ተቀብላ ታስፈጽማችሁ፥ ለዘላለሙ አሜን።