አመድ አፋሿ አህያና የዝንጀሮ ቀይ ውሃ

ከጎተራው ማሽላ ጠፋ፤ የሰረቀችው አህያ ናት ተባለ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ እንስሳት እሳት እያነደዱ፣ እህላቸውን ባንድ ጎተራ እያከማቹ በሚኖሩበት ዘመን። የአገሩን ስም ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

አህያ አመድ አፋሽ ነበረች። እናቷን ገና በልጅነቷ ጅብ በላት። የሚያስጠጋት ስታጣ የመንደሩ አመድ ክምር ላይ ተኛች፤ ሙቀት ያለው እዚያ ብቻ ነበር። እዚያው አደገች። ስታድግ ከየምድጃው አመድ እያፈሰች፣ እየነፋች፣ ጎተራው ውስጥ ካለው ማሽላ ጋር ትቀላቅል ጀመር። አመድ የነካው እህል አይነቅዝምና ማሽላው ሦስት ክረምት ደህና ቆየ። “ተባረኪ” ያላት አልነበረም። እሷም አልጠበቀችም።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። ያለው እህል የጎተራው ብቻ ሆነ፤ እሱም በየቀኑ ይጎድላል። እንስሳቱ በጎሪጥ ይተያዩ ጀመር። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ኤሊ ሁሉንም ሰብስበው ፍርዱን አስቀድመው ተናገሩ።

“ሌባው ይገኝ። የተገኘው ወንዙን ተሻግሮ ጅብ አገር ይግባ።”

ይህን ጊዜ ዝንጀሮ ተነሣ። ጉንጩ አብጧል፤ በጨርቅ ጠፍሮ አስሮታል። ጥርሴን አሞኛል ካለ ሰንብቷል።

“ሌባ የምታወጣ ውሃ አለችኝ” አለ።

የከርከዴ አበባ ቀቅሎ፣ ቀይ ውሃውን በገበቴ ሞልቶ አመጣ። ለእያንዳንዱ በየጣባው ቀዳ። ከዚያ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ እንዲህ አለ፦

“ውሃዬ ውሃዬ፣ የነካሽን አትደብቂ፤ ለንጹሕ ቅዪ፣ ለሌባ ለምልሚ።”

መጀመሪያ የራሱን እጅ ነከረ። ውሃው ከቀድሞው ይበልጥ ቀላ።

“አያችሁ፣ ስታየኝ ደስ አላት” አለ።

ቀጥሎ ፍየል ቀረበች፤ ዝንጀሮም ደገመ፦ “ውሃዬ ውሃዬ፣ የነካሽን አትደብቂ፤ ለንጹሕ ቅዪ፣ ለሌባ ለምልሚ።” ሰኮናዋን ነከረች፤ ውሃው እንደ ቀላ ቀረ። በግም ነከረ፤ እንደ ቀላ ቀረ። ወረፋው አህያ ዘንድ ደረሰ። “ውሃዬ ውሃዬ፣ የነካሽን አትደብቂ፤ ለንጹሕ ቅዪ፣ ለሌባ ለምልሚ።” ሰኮናዋ ከመግባቱ ውሃው ጠቆር አለ፤ ቀጥሎ እንደ ሰኔ ሣር አረንጓዴ ሆነ።

“ድሮም ጆሮዋ አላማረኝም ነበር” አለች ፍየል።

“ጎተራው ውስጥ ማን ገብቶ ይወጣል? እሷ” አለ በግ።

“ሳይመሽ ትሻገር” አለ ዝንጀሮ። “ጅብ እናቷንም ያውቃት የለ?”

አህያ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ጣባውን አየችው። ይህን አረንጓዴ ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች የከርከዴ እጣቢ አምጥተው አመዷ ላይ ሲደፉባት ያየችው ነው። ያን ቀን መተኛዋ ረጥቦ ስትንቀጠቀጥ አድራለች፤ ቀለሙን አልረሳችውም።

“አባ ኤሊ፣ ከመሻገሬ በፊት አንድ ነገር ልለምን” አለች።

“ለምኚ ልጄ።”

“እፍኝ አመድና አንድ ሎሚ።”

“ዛሬም አመድ አልጠገብሽም?” አለ ዝንጀሮ።

“አልጠገብኩም። ሥራዬ ነው።”

አመዱና ሎሚው መጣ። አህያ ወደ ፍየል ዞረች።

“እመት ፍየል፣ ንጹሕ ነሽ አይደል?”

“ውሃዋ መስክራለች” አለች ፍየል ጢሟን ቀና አድርጋ።

“እንግዲያው አመዱን ርገጪና እንደገና ንከሪ።”

ፍየል አመዱን ረግጣ ነከረች። ውሃው ለመለመ። ፍየል ጣባውን አየች፤ ሰኮናዋን አየች።

“ምን ሰረቅሁ?” አለች ድምጿ ቀጥኖ።

“ምንም። አሁን ሎሚውን ጨምቂበት።”

ጨመቀች። አረንጓዴው ጠፋና ውሃው መልሶ ቀላ።

“ባንድ ጀንበር ኮንና አጸደቀችኝ” አለች ፍየል። እንስሳቱ ሳቁ። ዝንጀሮ አልሳቀም።

አባ ኤሊ አንገታቸውን አወጡ። “ውሃዋ ሌባ አታውቅም ማለት ነው?”

“ሌባ አታውቅም፤ አመድ ታውቃለች” አለች አህያ። “አመድ ደግሞ እኔ ሰኮና ላይ አለ፤ ማሽላችንም ውስጥ አለ። ከጎተራው ያፈሰ ሁሉ አመድ ነክቷል።”

“የኔ እጅ ይኸው” አለ ዝንጀሮ መዳፉን ዘርግቶ። “ውሃዋ ስትቀላለት ሁላችሁም አይታችኋል።”

ፍየል ጠጋ ብላ አሸተተችው። “አያ ዝንጀሮ፣ እጅህ ሎሚ ሎሚ ይላል።”

“ሎሚ መብላት ወንጀል ሆነ?”

“አልሆነም” አለች አህያ። “እጅህን ተወው። ጥርስህ እንዴት ነው?”

“ያመኛል አልኩ እኮ።”

“ከርከዴ ለጥርስ ደግ ነው። ተጉመጥመጥበትና ጣባው ላይ ትፋው። እኛም ሁላችንም እንጉመጠመጣለን፤ መጀመሪያ እኔ።”

አህያ ተጉመጠመጠች፤ ቀይ ተፋች። ፍየል ተጉመጠመጠች፤ ቀይ ተፋች። በግም ቀይ ተፋ። የቀረው ዝንጀሮ ነው።

“የታመመ አይገደድም” አለ።

“የታመመ ይታከማል” አሉ አባ ኤሊ። “ጨርቁን ፍታ።”

ዝንጀሮ ግራ ቀኝ አየ። መንገዱን ሁሉ ይዘውበታል። ጨርቁን ፈታ፤ ጥቂት ተጎነጨ፤ ሳይጉመጠመጥ ሊውጠው ሲል በግ ሆዱን በግንባሩ ጎሸም አደረገው። ያን ጊዜ ተፋ። የተፋው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው መሃል አመድ የለበሰ ማሽላ እየተንጠባጠበ ጣባው ላይ ተንኳኳ። ለካስ ዝንጀሮ ከጎተራው ሲመለስ ጉንጩን ሞልቶ ይመጣል፤ እጁን በሎሚ ያሻል፤ አፉን ግን የሚጠይቀው ያለ አልመሰለውም።

“ጥርስህ ፍሬ አፈራ” አለች ፍየል።

አባ ኤሊ በጣታቸው ወንዙን አሳዩት። ዝንጀሮ ግን ጅብን ፈርቶ ወደ ገደሉ ሮጠ፤ እስከ ዛሬም ገደል ላይ ይኖራል። ሰው ሲያይ ጉንጩን የሚሞላው ከዚያን ቀን የቀረበት ጥድፊያ ነው።

እንስሳቱ ወደየቤታቸው ሲበተኑ አባ ኤሊ ዘግየት ብለው ቆሙ። ዘግየት ማለት ልማዳቸው ነው።

“ሌባ እጁን ቢያጥብ ጉንጩ ያሳብቅበታል” አሉ። የጎተራውን መዝጊያ ለአህያ አሳልፈው ሰጧትና ሄዱ።

ማሽላው ዝናብ እስኪመጣ በቃ። ጎተራው ደጅ ላይ አመዷን እየነፋች የቀረችው አህያ ናት።