ብረቱን የበላው ማነው?

አንድ ቀን፣ የአንዲት ከተማ የውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍስሐጽዮን ሠራተኛውን በሙሉ ለግምገማ ሰበሰቡ። መሬት ውስጥ የተቀበረው የብረት ቧንቧ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው ወንፊት ሆኖ፣ ከተማው በጀሪካን ሰልፍ ተጨንቋል። አቶ ፍስሐጽዮን ደግሞ የማያውቁት ነገር የለም፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ያውቃሉ። ጥፋተኛውንም መርጠው ነው የመጡት፤ ቧንቧውን የቀበረው ዘርጋው ነው። ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው ሰው፣ «በዶማ የበሳሁት እኔ ነኝ» ብሎ ግለ ሂስ እንዲያደርግና እንዲባረር ተፈልጓል።

«ጌታዬ፣ ቧንቧውን ሊመረምሩ የመጡት መሐንዲስ ያሉትን ልድገመው» አለ ዘርጋው። «ቧንቧው አጠገብ ካለው ብየዳ ቤት ወደ አፈር የሚያመልጥ ኮረንቲ አለ። ቧንቧው ውስጥ ይገባና፣ በሚወጣበት በኩል ብረቱን እየሸረሸረ ይወጣል። ጭቃው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ተህዋሲያን አሉ፤ እነሱም ብረቱን ይበሉታል።»

አቶ ፍስሐጽዮን ሳቁ። ሲስቁ ማን እንዳልሳቀ ዞር ዞር ብለው ስለሚያዩ፣ ቤቱም አብሮ ሳቀ።

«ዶማ የያዘ ሰው እያለ፣ ጥርስ የሌለው ነገር ቧንቧ በላ ትለኛለህ? እኔ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም። ጸሐፊዋ፣ ይሄ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ።»

ጸሐፊዋ ያዘች። ዘርጋው አንጀቱ አረረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ኖሮ፣ ጭቃ ረግጠው በማያውቁ ሰው ሲሳቅበት እንዴት አይረር?

«እሰየው፣ ይያዝ» አለ ረጋ ብሎ። «ያላዩትን የማያምኑ ከሆነማ፣ ‹ቧንቧው እንዳይበላ ሬንጅ ተቀብቶ ተቀብሯል› ብለው ሲፈርሙ ሬንጁን የት አዩት? እኔ እንደሆንኩ የቀበርኩት ራቁቱን ነው።»

አቶ ፍስሐጽዮን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ።

«ተህዋሲያንማ አሉ» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ሳነብ አግኝቻቸዋለሁ። በጣም ክፉዎች ናቸው።»

ዘርጋው ከሥራው ንቅንቅ አላለም። በማግስቱ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተለጥፎ ተገኘ። ለተህዋሲያኑ የተጻፈ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ግርጌው ላይ «ግልባጭ፦ ለኮረንቲው» ይላል።